ፈሰስ፣ ክትርና መዝጊያ፤ የጎርፍ ውሃ አያያዝ በወገራና በስሜን ግርጌ

ግድብ በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ታላቁ የድንጋይና የሲሚንቶ ሥራ ይሄዳል። ነገር ግን ጎርፍን ለመከላከል የሚሠራ ሥራ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከሁለት ነገሮች አንዱን ወይም ሁለቱንም የሚያደርግ ነው፤ ይኸውም ወይ የውሃውን ጊዜ ይለውጣል፣ ወይ የውሃውን መንገድ ይለውጣል። ግድብ ዛሬ የመጣውን ውሃ ለነገ ያቆየዋል፤ ቦይ ደግሞ በዚህ ሊያልፍ የነበረውን ውሃ በዚያ ያሳልፈዋል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ውሃው አይጠፋም፤ ካንዱ ሰው ማሳ የተመለሰ ጎርፍ በሌላ ሰው መሬት ላይ፣ ወይም በሌላ ሰዓት መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ የጎርፍ ሥራ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤታሞች ጉዳይ ነው፤ የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚመረምር ትምህርትም ተገቢ አርእስት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጽሑፍ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ባላገር የክረምቱን ጎርፍ የሚይዝበትን ዘዴ ይገልጻል፤ ከዚያም ይህን ዘዴ ባለ መዝጊያ ከሆነው የወንዝ ግድብ ጋራ በማስተያየት፣ ሁለቱ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ነጥብ ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ወንዝ መዝጊያ

ወንዞች በሰፊ ሜዳ ላይ ዝግ ብለው በሚፈሱባቸው አገሮች፣ ትንሹ የወንዝ ግድብ ብዙ ጊዜ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው የወንዙን ከፍታ በመጠን መጠበቅ፣ ሁለተኛው ጀልባና መርከብ የሚሄዱበትን ጥልቀት ማቆየት ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ ራሱ ለመርከብ እንቅፋት ነው። በጥንት ጊዜ ይህን እንቅፋት ለማለፍ የነበረው ዘዴ በግድቡ መካከል አንድ መዝጊያ አበጅቶ፣ መርከብ ሲመጣ መክፈት ነበር። ወራጁ መርከብ ከውሃው ጋራ ተወርውሮ ያልፋል፤ ወጪው ግን በገመድ እየተሳበ ከጎርፉ ጋራ ይታገላል። በዚህ አኳኋን ብዙ ውሃ ይባክን፣ ብዙ መርከብም ይሰበር ነበር።

በ984 ዓ.ም. በቻይና አገር ቺያው ዌይዩ የተባለ ሹም በታላቁ ቦይ ላይ ሁለት መዝጊያዎችን አቀራርቦ አሠራ። መርከቡ በሁለቱ መካከል ከገባ በኋላ የኋላው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከዚያም ውሃው ቀስ በቀስ እንዲገባ ወይም እንዲወጣ ተደርጎ ከፊተኛው ውሃ ጋራ ሲስተካከል የፊተኛው መዝጊያ ይከፈታል። በጣልያን አገር ደግሞ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሁለቱ የመዝጊያ ሳንቃዎች በማዕዘን እየተጋጠሙ ወደ ውሃው ግፊት እንዲያዩ የሚያደርገውን ንድፍ ትቷል፤ በዚህ አሠራር መዝጊያውን ዘግቶ የሚይዘው ሊገፋው የመጣው ውሃ ራሱ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተከፈተው የፓናማ ቦይ መርከብን ወደ ላይ የሚያነሣውና ወደ ታች የሚያወርደው በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

ለጎርፍ መከላከያ የሚሠራ ባለ መዝጊያ ግድብ ከዚህ ሌላ አንድ ጠባይ አለው። ጥቅሙ ያለው በያዘው ውሃ ሳይሆን ባልያዘው፣ ማለትም በባዶ ቦታው ነው። ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት መዝጊያው ተከፍቶ የተጠራቀመው ውሃ ካልቀነሰ፣ የሙላቱን ጫፍ የሚቀበልበት ቦታ አይኖርም። ለመስኖና ለኤሌክትሪክ የሚሠራ ግድብ ግን የሚፈልገው ሙሉ ሆኖ መቆየትን ነው። ስለዚህ አንድ ግድብ ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ መዝጊያው መቼ ይከፈት የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል።

የኢትዮጵያ የደጋ ወንዞች ከአፋፍ ወደ ቆላ የሚወረወሩ ስለ ሆኑ መርከብ አልሄደባቸውም፤ የመርከብ መሻገሪያ መዝጊያም አላስፈለጋቸውም። መርከብ ያየው የባሮ ወንዝ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በ1902 ዓ.ም. ከተደረገው ውል በኋላ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምቱ ሙላት ወራት እስከዚያ ይደርሱ ነበር። ውሃው ሲጎድል ጉዞው ያቆማል። በዚያ ወንዝ የመርከቡን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው የዓመቱ ወቅት ራሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ውሃን በጊዜው ማቆርና በጊዜው መልቀቅ ለሰሜኑ አገር እንግዳ ሥራ ነው ማለት አይደለም። በጎንደር በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። የሥራው መጠን ትንሽ ቢሆንም፣ ወንዝን ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ፣ በታቀደ ቀን አንድን ቦታ መሙላት የመዝጊያን ዕውቀት የሚጠይቅ ነው።

ስለ ምድሩና ስለ ክረምቱ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል በወገራ ደጋ ላይ አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ እስከ 4,550 ሜትር ከፍታ ያለው የራስ ደጀን አገር፣ ማለት የስሜን ተራሮች ይነሣሉ። በስተ ሰሜን ምድሩ ባንድ ጊዜ ይሰበርና ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል።

ይህ ደጋ የውሃ መለያያ ነው። ከወገራ ደቡባዊ ክፍል የሚወርደው ውሃ በመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባና የዓባይ ውሃ ይሆናል። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በምዕራብ የሚወርደውም በአንገረብ በኩል ወደ አትባራ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሁለት አንገረቦች እንዳሉ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በጎንደር ከተማ አጠገብ የሚያልፈው ትንሹ አንገረብ ከመገጭ ጋራ የሚቀላቀል ሲሆን፣ ትልቁ ግን ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ከፍታ ላይ ባንድ ቀን የዘነበ ዝናብ ከመለያያው ወዲህና ወዲያ ሲወርድ፣ እንደገና የሚገናኘው ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ የአትባራ ወንዝ ከዓባይ ጋራ በሚቀላቀልበት በሱዳን ምድር ነው።

የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋነኞቹ ናቸው። የአፈሩ ጠባይ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። በለጥ ባሉት ሜዳዎች ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ይገኛል፤ ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃ አላስገባ ይላል። በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ቀጭንና ድንጋያማ ነው። በከፍተኛው የስሜን ደጋ ደግሞ ጥቁር፣ ቀላልና ብስባሽ የበዛበት አፈር አለ። በዚህ ምክንያት የአገሩ ባላገር የሚታገለው ከሁለት ዓይነት ውሃ ጋራ ነው፤ በሜዳው ከሚተኛው ውሃ፣ በተዳፋቱም ከሚሮጠው ውሃ ጋራ። የተኛው ውሃ የባቄላውንና የስንዴውን ሥር ያበሰብሳል፤ የሚሮጠው ውሃ ግን ዘሩን ከነአፈሩ ይዞ ይሄዳል።

ከሁለቱ ይልቅ የሚሮጠው የባሰ ነው። ማሳው ደጋግሞ ታርሶ፣ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን የሚወርደው የክረምት መግቢያ ዝናብ ብዙ አፈር ይጠርጋል። ሐንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ አገር የጂኦግራፊ ሊቅ በ1970ዎቹ ዓመታት በስሜን በጅንባር ሸለቆ የአፈሩን መሸርሸር መርምሯል፤ በኋላም ለመላው የኢትዮጵያ ደጋ ባደረገው ግምት ከታረሰ መሬት በያመቱ የሚሄደው አፈር በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል መሆኑን አመልክቷል። ይህ ቁጥር በማሳው ስፋት ሲከፋፈል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት ነው። ባንድ ዓመት ለዓይን አይታወቅም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንደዚህ ያለው ነው። በሠላሳ ዓመት ግን፣ ማለት ባንድ ገበሬ የሥራ ዕድሜ ውስጥ፣ የስንዝር ግማሽ ይሆናል፤ አፈሩ ከመጀመሪያውም ስንዝር ያህል ብቻ በሆነበት ተዳፋት፣ ይህ የልጅ ውርስ ግማሽ ነው።

የማሳው ፈሰስ

ይህን ውሃ ለመመለስ ባላገሩ ያለው የመጀመሪያ መሣሪያ ማረሻው ነው። በሰሜን ምዕራብ ደጋ ፈሰስ የሚባለው ነገር ተራ ትልም አይደለም። ትልም የሚሳበው ለዘሩ ሲሆን፣ ፈሰስ የሚሳበው ለውሃው ነው። ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ በሬዎቹን እንደ ጠመደ ማሳውን በሰያፍ ያቋርጣል፤ ማረሻውንም ጠለቅ እንዲል ጫን እያለ ይስበዋል። ባንድ ማሳ ላይ እንደ ስፋቱና እንደ ተዳፋቱ ብዛት የተለያዩ ፈሰሶች ይወጣሉ። በትልሞቹ መካከል የተጠራቀመው ውሃ ኀይል ሳያገኝ ወደ ፈሰሱ ይገባል፣ ፈሰሱም ወደ ማሳው ጠርዝ ያወጣዋል።

የሥራው ጥበብ ሁሉ ያለው በሰያፉ ላይ ነው። ፈሰሱ ወደ ቁልቁለቱ አብዝቶ ካዘነበለ ውሃው ይፈጥንና ፈሰሱን እየቦረቦረ ያሰፋዋል፤ ትናንት የማረሻ ጥልቀት የነበረው፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። አለመጠን ከለጠጠ ደግሞ ውሃው ይቆማል፣ ደለሉ ይሞላዋል፤ ሞልቶም ባንድ ደካማ ቦታ ይጥሳል፤ ያን ጊዜ የብዙ ትልም ውሃ ባንድ ነጥብ ስለሚወርድ፣ ጉዳቱ ፈሰስ ባይኖር ኖሮ ከሚሆነው ይበልጣል። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መጠን ገበሬው የሚያውቀው በመሣሪያ ለክቶ ሳይሆን፣ አምና ውሃው የሄደበትን ምልክት አይቶ ነው። ፈሰስ በየዓመቱ አዲስ ስለሚሳብ ያምናው ስሕተት ዘንድሮ ይታረማል። የድንጋይ ግድብ ያልታደለው ይህን ነው።

ፈሰስ የውሃን መንገድ የሚለውጥ ሲሆን፣ የውሃን ጊዜ የሚለውጠው ክትር ነው። ክትር ውሃ በቦረቦረው ቦታ ላይ በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭራሮ የሚሠራ አጭር ማገጃ ነው። ዓላማው ውሃውን ፈጽሞ መዝጋት አይደለም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ደለሉን እንዲጥል ማድረግ ነው። ስለዚህ የክትር መካከል ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ማለት አለበት። ደረጃው እኩል ሆኖ የተሠራ እንደ ሆነ ውሃው በጎን ዞሮ ዳርቻውን ይቈርሳል፤ ብዙ ክትር የሚፈርሰውም ድንጋዩ ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን ውሃው የሚያልፍበት በር ስላልተተወለት ነው። ክትሮች ከላይ ወደ ታች ተከታትለው ሲሠሩ ቦረቦሩ ደረጃ ይሆናል። ይህን ላየ ሰው የመርከብ መሻገሪያው ሥራ ተገልብጦ ይታየዋል፤ በዚያ ውሃው መርከቡን በደረጃ ያነሣዋል፣ በዚህ ደግሞ ድንጋዩ ውሃውን በደረጃ ያወርደዋል።

ሦስተኛው መሣሪያ ሳይታሰብ የሚሠራው ነው። በሁለት ማሳዎች መካከል ሣር ሆኖ የሚቀረው ወሰን የላይኛውን ማሳ አፈር ይይዛል፤ ከዓመት ወደ ዓመት አፈሩ ሲከማች፣ ከታች ደግሞ ማረሻው ሲቈርጥ፣ ወሰኑ እየቆየ እርከን ይሆናል። ወሰን የሰው መብት ምልክት ነው፤ ነገር ግን እንደ ትንሽ ግድብም ያገለግላል። ወሰን የሚገፋ ሰው የጎረቤቱን መሬት ብቻ ሳይሆን ያንን ግድብም ያፈርሳል።

ውሃው የሚወጣበት

እያንዳንዱ ፈሰስ አንድ ጥያቄ ይዞ ይወለዳል፤ ይኸውም ውሃው ከማሳው ጠርዝ ላይ ከደረሰ በኋላ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ተፈጥሮ ያበጀችው ፈረፈር ወይም የሣር ሜዳ ቅርብ ከሆነ ችግር የለም። ቅርብ ካልሆነ ግን የላይኛው ሰው ፈሰስ የሚያበቃው በታችኛው ሰው ማሳ ላይ ነው።

ይህ ክርክር የወገራና የስሜን ብቻ አይደለም። የጥንቱ የሮም ሕግ የዝናብ ውሃን ስለ መከላከል ለብቻው አንድ ዓይነት ክስ ነበረው። በዚያ ሕግ የታችኛው መሬት ባለቤት በራሱ የሚወርደውን ውሃ ሊቀበል ይገባዋል፤ የላይኛው ሰው በሠራው ሥራ መንገዱ ወይም ኀይሉ የተለወጠውን ውሃ ግን ሊቃወም ይችላል። የ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት በሚናገርበት ክፍል ስለ ውሃ አጠቃቀም የተለዩ አንቀጾች አሉት። ባላገሩ ግን የማሳ ውሃ ክርክርን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎች ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የጎርፍ ምልክት ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል፤ ደለሉ ይታረሳል፤ የተቈረሰው ጠርዝ ሣር ይለብሳል። በሩቅ ተቀምጦ በወረቀት የሚፈርድ ዳኛ የማያገኘውን ማስረጃ፣ በእግሩ ማሳው ድረስ የሚሄድ ያገሩ ሽማግሌ ያገኘዋል።

የክርክሩ ጭብጥ ፈሰስ መሳቡ ስሕተት ነው ወይስ አይደለም የሚለው አይደለም፤ ሁሉም ይስባልና። ጭብጡ የሁለቱ ሰዎች ፈሰስ ይገናኛል ወይስ አይገናኝም የሚለው ነው። የላይኛው ፈሰስ በሚያበቃበት ቦታ የታችኛው ከጀመረ፣ ውሃው ከማሳ ወደ ማሳ ተቀባብሎ እስከ ወንዝ ይወርዳል። ያልተገናኘ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ሥራ በየራሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በጠቅላላው ተዳፋቱን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ተዳፋት በሙሉ እንደ አንድ የውሃ ሥራ ሊቈጠር ይገባል፤ መሐንዲስ የሌለው፣ ንድፉም በጎረቤታሞች ስምምነት ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሥራ ነው።

ይህ ስምምነት በመሬት ይዞታ ላይ የተመሠረተ ነው። በርስት ሥርዓት ጊዜ በአንድ ተዳፋት ላይ የሚያርሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ካንድ አባት የሚወለዱ፣ መሬቱንም በትውልድ የተካፈሉ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና በተከፋፈለ ጊዜ፣ በብዙ ቦታ ድንበሩ ተለወጠ። ድንበር ሲለወጥ አዲሱ ጎረቤት ከፈሰሱ ጋራ ያልተዋወቀ ሰው ይሆናል። መሬት ለመደልደል የሚሠራ ሰው የማሳውን ስፋትና ለምነት ይመዝናል፤ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ግን በሚዛኑ ላይ ካልተቀመጠ፣ እኩል የተከፈለ መሬት እኩል ያልሆነ ጎርፍ ሊደርሰው ይችላል።

መንገድ፣ እርከንና ደለል

ከመሬት ይዞታው ሌላ የውሃውን ሥርዓት የለወጠ ነገር መንገድ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የሊማሊሞ መንገድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ተሠራ። መንገድ በተዳፋት ላይ ሲያልፍ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ በጎኑ ባለው ቦይ ይሰበስባል፤ ከመንገዱ በታች በተሠራው መሹለኪያም ባንድ ነጥብ ያወጣዋል። በብዙ ቦታ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ ባንድ ሰው ማሳ ላይ ተሰብስቦ ይወርዳል ማለት ነው። ያን ኒሰን የተባለው የቤልጅግ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2002 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ ከመቀሌ ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ ሥር ቦረቦሮች እንዴት እንደ ተከፈቱ አሳይተዋል። መንገዱ በሠሪው ዓይን ከጎርፍ የዳነ ነው፤ ጎርፉ ግን ከመንገዱ በታች ላለው ገበሬ ተላልፏል።

ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ድርቅ ወዲህ በመንግሥትና በውጭ ርዳታ፣ ብዙ ጊዜም በእህል ክፍያ፣ ሰፊ የእርከን ሥራ ተሠርቷል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ሕዝቡ በበጋው ወራት እየወጣ በተፋሰስ ደረጃ እርከንና ክትር ይሠራል። የተፋሰሱ ሐሳብ ከላይ እንደ ተባለው ተዳፋቱን እንደ አንድ ሥራ ስለሚቈጥር ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ባላገሩ አንዳንድ ጊዜ እርከኑን የሚያፈርሰው ወይም በመካከሉ ፈሰስ የሚስበው ከስንፍና የተነሣ መስሎ መታየት የለበትም። ውሃ ለማቆም የተሠራ እርከን በዋልካ ላይ ወይም ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ ሲሆን ቡቃያውን ውሃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዝናብ ለሚያንስበት ቆላ የሚስማማው ሥራ ሁሉ ለወገራ አይስማማም። ባላገሩ እርከኑን ሲከፍት በሌላ ሰው የተዘጋውን መዝጊያ ራሱ መክፈቱ ነው።

ከማሳው ያመለጠው አፈር ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ በትንሹ አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ በደለል ምክንያት ውሃ የሚይዝበት ቦታ እየጠበበበት ተመራማሪዎች ደጋግመው ያጠኑት ጉዳይ ሆኗል። ከዚያም ወዲያ፣ ሱዳን በ1964 ዓ.ም. በአትባራ ላይ የሠራችው የኀሽም ኤል ጊርባ ግድብ በመጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ደለል ወሰደው፤ የዚህም ደለል ምንጭ በተከዜና በአንገረብ በኩል የሚወርደው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። ይህ ግድብ የተሠራው በአስዋን ግድብ ምክንያት ከአገራቸው ለተነሡ የኑብያ ሰዎች እርሻ ውሃ ለማድረስ ነው። በአንድ ግድብ የተፈናቀሉ ሰዎች የሚኖሩበት ሁለተኛ ግድብ፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ባለ ማሳ ላይ በተሳበው ፈሰስ ሰያፍ ይነካል ማለት ነው።

የጨረጨራ መዝጊያ

ለዚህ አገር በቅርብ የሚገኘው እውነተኛ ባለ መዝጊያ የወንዝ ሥራ፣ በባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ነው። በ1996 ዓ.ም. በሁለት መዝጊያዎች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲጠበቅ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማቅረብ ነበር።

ይህ ትንሽ ግድብ ከትልቅነቱ በላይ ያስተምራል። በ2003 ዓ.ም. ዝናቡ ባነሰበት ጊዜ ለኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ ተለቀቀ፤ የሐይቁም ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦች አራት ወር ያህል መሄድ አቆሙ፤ ከዳር የነበረው ደንገል በብዙ ቦታ ጠፋ፤ ውሃው የሸሸበትን ምድር ሰዎች አረሱት፤ ዓሣ አስጋሪውም ተጎዳ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃም ወደ ጣቢያዎቹ በተመለሰ መጠን ቀነሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ተቃራኒው መጣ፤ የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በጎርፍ ተጥለቀለቁና ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ከሁለቱ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በሐይቁ መውጫ ላይ ያለ መዝጊያ የሐይቁን ከፍታ ሊጠብቅ ይችላል፤ በሐይቁ መግቢያ ላይ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ የሚመጣውን ሙላት ግን ሊያቆም አይችልም። የእነዚህ ወንዞች ወለል ደግሞ ከደጋ በሚመጣው ደለል እየተሞላ ከፍ ስለሚል፣ በዳርቻቸው የተሠራው ካብ ቁመቱ ሳይቀነስ ዝቅ ያለ ይሆናል። በኋላ በርብ ላይ እንደ ተሠራው ያለ የላይኛ ግድብ የሙላቱን ጊዜ ለመለወጥ ይችላል፤ የዚያም ግድብ ዕድሜ የሚወሰነው ከበላዩ ባሉት ማሳዎች ነው። ስለዚህ የሜዳው ሰው ደኅንነት መጀመሪያ የሚወሰነው በደጋው ሰው ሰያፍ፣ ቀጥሎ በመዝጊያው ጠባቂ እጅ ነው።

ማጠቃለያ

ፈሰስንና የብረት መዝጊያን ባንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያለ መጠን ማነጻጸር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም በሦስት ጥያቄዎች ይመረመራሉ፤ ውሃውን የሚቀበል ባዶ ቦታ የት ነው፣ ውሃው ሲወጣ በማን ላይ ይወጣል፣ መክፈትንና መዝጋትን የሚወስነውስ ማን ነው? በማሳው ሥርዓት ሦስተኛው ጥያቄ ግልጽ መልስ አለው። ከላይ የሚያርሰውና ከታች የሚያርሰው ይተዋወቃሉ፤ ባንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ በደቦ ይረዳዳሉ፣ ሲጣሉም ሽማግሌ አላቸው። ባለ መዝጊያው ግድብ ግን የሚለቀውና የሚለቀቅበት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ክሱን የሚሰማው ሽማግሌም ገና አልተሰየመም።

በወገራና በስሜን ግርጌ አዲስ ሥራ ለመሥራት የሚያስብ ሰው፣ ድንጋይ ከማስቈፈሩ በፊት በሐምሌ አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ቢሄድበት፣ ውሃው በየትኛው ፈሰስ ገብቶ በማን ማሳ እንደሚወጣ ያያል። የሚያየውም ብዙ ትውልድ የሠራበት፣ እንከንም የማያጣው የጎርፍ መከላከያ ነው። እርሱን ሳያውቁ በላዩ ግድብ መሥራት፣ ጎርፉን ከአንዱ ጎረቤት አንሥቶ ለማይታወቅ ሰው ከመስጠት አይለይም።